ከመንገድ ያነሣችኋትን ውሻ ትዝታ መጻፍ፦ ከማስረጃ ደብተር እስከ ጥራዝ

የውሻቸውን ትዝታ መጻፍ የሚጀምሩ ሰዎች አብዛኞቹ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገጽ ላይ ያቆማሉ። ውሻዋ ታማኝ፣ ብልህ፣ እንደ ሰው የምታስብ እንደነበረች ይጽፉና የሚጨምሩት ያጣሉ። ውዳሴ ቶሎ ያልቃል። መቼ መጣች፣ የት ተኛች፣ ምን በላች፣ ማን አባረራት፣ ማን መልሶ አስገባት የሚለው ግን መጽሐፍ ይሞላል። ስለዚህ የሥራው ግማሽ የሚያልቀው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ ነው። ዝግጅቱን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ደረጃ 5 የሄደ ተመልሶ ወደ ደረጃ 1 ይመጣል።

ምሳሌዎቹ የባሕር ዳርና የጣና ዳር ናቸው። «ቡቺ» የሚለውን ስም በራሳችሁ ውሻ ስም ተኩት።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አሰባስቡ፦

- ባለ 50 ሉክ ደብተር ሁለት። አንደኛው ለማስረጃ፣ ሁለተኛው ለትዕይንት። ሁለቱን በአንድ ደብተር ካቀላቀላችሁ ያስታወሳችሁትንና ያሳመራችሁትን ከወር በኋላ መለየት አትችሉም።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- የክትባት ካርዷ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ ማሰሪያዋ፣ ትበላበት የነበረው ሳህን።
- በቤተሰቡ ስልኮች ሁሉ ያሉ ፎቶዎችና ቪዲዮዎች።

ልኩን አስቀድማችሁ ወስኑ። በኤ5 ወረቀት በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 200 ቃል ገደማ ይይዛል። ለመጀመሪያ ሙከራ እያንዳንዳቸው ከ600 እስከ 800 ቃል የሆኑ 15 ትዕይንቶች ይበቃሉ፤ 50 ገጽ ያህል ማለት ነው። በሳምንት ሁለት ብትጽፉ በሁለት ወር ያልቃል። «300 ገጽ እጽፋለሁ» ብሎ የተነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ 12 ገጽ ይዞ ይቀራል።

ውሻዋ አሁንም አብራችሁ ካለች ዕድለኛ ናችሁ፤ ዛሬውኑ ለኩ። ታቅፋችኋት ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ውጡ፣ ልዩነቱን መዝግቡ። ስትጮህ፣ ስታላዝንና ስትተኛ የምታሰማውን ድምፅ ቅዱ።

ደረጃ 1፦ የቀን ሰንጠረዥ ሥሩ

1. ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድሩ። የፋይሉ ስም ውስጥ 20230120 የሚል ቁጥር ካለ ጃንዋሪ 20 ቀን 2023 የተነሣ ነው፤ በእኛ ጥር 12 ቀን 2015፣ የጥምቀት ማግስት።

2. ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሱ። ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ አዲስ ዓመታችን ድረስ ከፈረንጁ ዓመት 8 ቀንሱ፤ ከአዲስ ዓመት እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ቀንሱ። መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 11 ነው። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ የ2016 እንቁጣጣሽ እንዲያ ነበር። ሰዓቱንም አትርሱ፤ ስልኩ 19:30 ካለ ከምሽቱ 1:30 ነው።

3. ፎቶ ከዘመድ ስትቀበሉ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ምስሉ ይጨመቃል፣ ካሜራው የመዘገበው ቀንም ይጠፋል። ድሮ ተልኮ ከሆነ ቻቱ ውስጥ መልእክቱ የተላከበትን ቀን ፈልጉ፤ ፎቶው ከዚያ ቀን በኋላ ሊነሣ አይችልም።

4. ፎቶ የሌለበትን ጊዜ በበዓል አስሩት። «2014 አካባቢ» የሚለው ምንም አይረዳም። «ቡሄ ሳይደርስ፣ ፍልሰታ ተይዞ» ካላችሁ ግን የነሐሴን የመጀመሪያ 12 ቀናት ይዛችኋል።

5. በሐይቁ አረጋግጡ። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ መግቢያ። ቡቺን ያገኛችሁት ውኃው ሸሽቶ ድንጋዩና ጭቃው በታየበት ዳርቻ ከሆነ፣ አክስታችሁ «ለመስቀል ነው ያመጣችኋት» ብትልም ቀኑ አይገጥምም። በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ አብራችሁ የሄዳችሁበት ትዝታ ካለ ደግሞ ከግንቦት 2016 በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ድልድዩ አልተመረቀም።

6. ዕድሜዋን ከጥርሷ ገምቱ። የቡችላ ዓይን የሚከፈተው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። የወተት ጥርስ በሁለት ወር ገደማ ሞልቶ ይወጣል፤ በአራተኛው ወር አካባቢ የፊቶቹ መውለቅ ይጀምራሉ፤ በ6 ወይም በ7 ወር ቋሚ ጥርሶቹ ይሟላሉ። «ስናገኛት ዓይኗ አልተከፈተም ነበር» እና «በመጣች ሳምንት የአባቴን ጫማ በጣጠሰችው» የሚሉት ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ የሌላ ውሻ ትዝታ ነው፤ ብዙ ውሻ ባሳደገ ቤት ይህ መቀላቀል የተለመደ ነው።

*ቀን ከጎደለ፦* ባዶ ቦታ ተዉና እለፉ። ግምት ከሆነ አጠገቡ «ግ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። መጽሐፉ ውስጥ «በዚያ ክረምት» ማለት ትችላላችሁ፤ የፈጠራችሁትን ቀን ግን አታስገቡ።

ደረጃ 2፦ ሌሎቹን አናግሩ

ውሻዋን የምታውቁት እናንተ በነበራችሁበት ሰዓት ብቻ ነው። ቀን ቀን ምን ታደርግ እንደነበር የሚያውቁት እናት፣ ሠራተኛዋ፣ የግቢው ዘበኛ፣ የጎረቤት ልጆችና ከትራፊዋ የሚወረውርላት ሥጋ ቆራጭ ናቸው። የከተባት ሐኪምም አይቅር።

«እንዴት ያለች ውሻ ነበረች?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ጎበዝ ነበረች» ነው፤ እዚያው ያበቃል። እንዲህ ጠይቁ፦

- «ጋሼ፣ ሌሊት ጅብ ሲመጣ የት ትገባ ነበር? እርስዎስ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»
- «እማዬ፣ መጀመሪያ የት እንድትተኛ ነው የፈቀድሽው? ማን ነው የለወጠው?»
- «በሁዳዴ ምን ትበላ ነበር?»

የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ አትዝለሉት። በዐቢይ ጾም አብዛኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ከቤትም የሚተርፈው ሽሮና እንጀራ ነው። ለ55 ቀን አጥንት የማታይ ውሻ ማን ከየት ምን እንዳመጣላት ሲነገር የቤተሰቡ ጠባይ ይወጣል። ከሐይቁ ዳር የዓሣ ጭንቅላት በፌስታል ይዞ የመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ «ውሻ አልወድም» ያለው ነው። (ውሻ ለምታሳድጉ፦ የቆሮሶ አጥንት ቀጭንና ሹል ስለሆነ ጉሮሮ ይወጋል፤ ለይታችሁ ስጡ።)

*«ለውሻ ደግሞ መጽሐፍ!» ብለው ቢስቁ፦* አትከራከሩ። ሌባ የገባበትን ሌሊት ወይም ዶሮ የበላችበትን ቀን አንሡ። በሳቅ የጀመረ ሰው ሩብ ሰዓት ሳይቆይ ሌሎቹን እያረመ ይተርካል።

*ስልክ ሲቀረጽባቸው ዝም ካሉ፦* አጥፉት። ቡናው እስኪያልቅ አድምጡ፤ ከወጣችሁ በኋላ ቃላቸውን ሳይቀዘቅዝ በማስረጃ ደብተሩ ላይ አስፍሩ። ሳይነግሩ መቅዳት ግን አይገባም።

*ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ፦* ሁለቱንም ያዙ። «አባቴ በሩ ክፍት ነበር ይላል፤ እናቴ በገዛ እጄ ቆልፌዋለሁ ትላለች» የሚለው አንዱን መርጦ ከመጻፍ ይሻላል። ቤተሰቡ በአንድ ውሻ ምክንያት ሲካሰስ ማንበብ በራሱ ትዕይንት ነው።

ደረጃ 3፦ ቦታው ድረስ ሂዱ

ያገኛችሁበትን ቦታና አብራችሁ የሄዳችሁበትን መንገድ በዚያው ሰዓት ሂዱበት። ንጋት ላይ የተገኘችን ውሻ ከሰዓት በኋላ ሄዳችሁ ብትጽፏት ብርሃኑም ሰዉም ይሳሳታል። በጊዮርጊስ በኩል ያለው የሐይቅ ዳርቻ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚዘረጉበትና ደንገል የሚሸተትበት ነው፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደግሞ የሚናፈሱ ሰዎችና የቡና ጭስ አለ።

በየቦታው አምስት ነገር መዝግቡ፦ ከእግር ሥር ያለው (ኮብልስቶን፣ ጭቃ፣ አሸዋ)፣ ሽታው፣ ድምፁ፣ በውሻ ቁመት የሚታየው፣ ማን እንዳለ። አራተኛው ላይ ቁጢጥ ብላችሁ ተመልከቱ። ከጉልበት በታች ያለው ከተማ የባጃጅ ጎማ፣ የሱቅ ደረጃና የቱቦ አፍ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመንገዱ ላይ ያሉ ውሾችን ለማስታወስ ብላችሁ አትንኩ። ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጨራችሁ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ቅጠል፣ አመድ ወይም ቅባት አታድርጉበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል፤ ደንገሉ አጠገብ ማስታወሻ ለመያዝ አትቀመጡ።

ደረጃ 4፦ ክሩን ምረጡ

ሰንጠረዡ ሞልቶ፣ ደብተሩ ጠግቦ፣ አሁንም «ከየት ልጀምር?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም ነገር ከመጣችበት እስከ ሞተችበት በተራ መደርደር ሰንጠረዡን በድጋሚ መጻፍ ነው። አንድ ክር ያስፈልጋል፤ ክሩ ደግሞ ውሻዋ በሰው ላይ የለወጠችው ነገር መሆን አለበት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሙሉ፦ «ቡቺ ከመምጣቷ በፊት በቤታችን ____ አይደረግም ነበር፤ በመጨረሻ ግን ____።» ባዶው ቦታ ላይ «ፍቅር»፣ «ደስታ» የሚል ቃል ከመጣ ሰርዙት። የሚታይ ነገር ይግባ።

ለእኛ አገር ቤት ከሁሉ የሚሠራው ክር የመኝታ ቦታ ነው። ውሻ ቤት አይገባም የሚል ሕግ ባለበት ግቢ፣ የምትተኛበት ቦታ በተለወጠ ቁጥር አንድ ሰው ተሸንፏል ማለት ነው። እንዲህ ዘርዝሩ፦

1. ከበሩ ውጭ፣ ቱቦው አጠገብ፤ ማን አየ፣ ማን አልፎ ሄደ።
2. ከበሩ ውስጥ፣ በካርቶን ላይ፤ ማን «ለዛሬ ብቻ» አለ።
3. ማድ ቤት፤ ዝናቡ ነው ወይስ ሕመሟ ያስገባት?
4. በረንዳ፤ ማን አሮጌ ጋቢ አነጠፈ፣ ማንስ ተቆጣ።
5. ሳሎን፤ ይህ ካልሆነ ለምን ሳይሆን ቀረ?

ሳሎን ያልደረሰች ውሻ ታሪኳ አያንስም። «እናቴ እስከ መጨረሻው ከደፉ አላሳለፈቻትም፤ ነገር ግን ወንበሯን አምጥታ ደፉ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች» ከሚል ምዕራፍ የበለጠ አግኝቶ የሚጽፍ ጥቂት ነው።

ሌሎች ክሮችም አሉ፤ ምግቧ በጾምና በፍስክ፣ ስሟ (ማን ሰየማት፣ ማን በሌላ ስም ጠራት)፣ ሴት በመሆኗ የደረሰባት። ሴት ቡችሎች «ትወልድብናለች» ተብለው በጆንያ እንደሚጣሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ክር የሚጽፍ ሰው የመጀመሪያ ወሊዷ ላይ ቤተሰቡ ምን እንዳደረገ ሳይሸሽግ መጻፍ ይኖርበታል። ቤተሰቡም ቡችሎቹን በጆንያ ጥሎ ከሆነ ዋናው ምዕራፍ እሱ ነው።

ደረጃ 5፦ ትዕይንቶቹን ጻፉ

መጀመሪያ እነዚህን ቃላት ከልክሉ፦ ታማኝ፣ ልዩ፣ ብልህ፣ እንደ ሰው፣ በጣም፣ ሁሌም። ለዕርማት ቀን አስቀምጧቸው፤ ያን ጊዜ ብዙዎቹ አያስፈልጉም።

በምትኩ ግሶችን አሰናዱ። አማርኛ ለውሻ ብዙ አለው፦ አላዘነች፣ አጉረመረመች፣ አለከለከች፣ አነፈነፈች፣ ጭራዋን ቆላች፣ ጭራዋን ወሸቀች፣ ጆሮዋን አቆመች፣ ተቅበጠበጠች። መልኳንም በልኩ ጥሩ፤ ዳማ ናት፣ ቡላ፣ ዳለቻ፣ ወይስ ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት?

የተለመደው ጽሑፍ፦

«ቡቺ በጣም ታማኝና ልዩ ውሻ ነበረች። ሁሌም አባቴን ትጠብቀው ነበር።»

የታረመው፦

«ባጃጅ ከአስፋልቱ ወደ ኮብልስቶኑ ሲታጠፍ ቡቺ ጆሮዋን ታቆማለች። ብዙ ባጃጅ በዚያው ይታጠፋል፤ ለሌሎቹ አትነሣም። የአባቴ የኋላ ብረቱ ይንኳኳል። ያን ስትሰማ ሮጣ በበሩ ሥር ታነፈንፋለች። እናቴ በማድ ቤቱ መስኮት ታያትና ሽሮውን ትጥዳለች።»

ሁለተኛው ላይ ታማኝነት የሚል ቃል የለም፤ ግን ይታያል። ከዚያም አልፎ ውሻዋን አትወድም የተባለችው እናት ድስቷን በቡቺ ምልክት መጣድ እንደጀመረች በአንድ መስመር ገብቷል። ትዕይንት ጥሩ ነው የሚባለው እንዲህ የሰው ለውጥ ሲኖርበት ነው።

አጻጻፉ፦ የትዕይንቱን ሰዓትና ቦታ ከማስረጃ ደብተሩ አውጡ፤ ደብተሩን ዝጉ፤ በአንድ ቁጭታ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ሳታርሙ ጻፉ፤ ሲያልቅ ደብተሩን ከፍታችሁ የተሳሳተውን ብቻ አስተካክሉ።

በውሻዋ አፍ አትናገሩ። «ቡቺ በልቧ ‹ለምን ተዉኝ?› አለች» ያለ ጸሐፊ አንባቢውን እዚያው ያጣል። ከመገኘቷ በፊት ያሳለፈችውን ሕይወት አታውቁም፤ ሰውነቷ ላይ ያለውን ብቻ ጻፉ። አንገቷ ዙሪያ ፀጉር ያልበቀለበት የገመድ ጠባሳ፣ በምላጭ የተቆረጠ ጆሮ፣ ክርን ላይ የቀረ እከክ፣ መጥረጊያ ሲነሣ መሬት መለጠፏ። እዚያ ላይ ነጥብ አድርጉ። መጥረጊያውን ማን እንዳነሣባት አንባቢው ራሱ ይጠይቃል።

*ሁሉም ትዕይንት ከተመሳሰለ፦* ውሻዋ ጥፋተኛ የሆነችበት የለም ማለት ነው። የበላችውን ዶሮ፣ የነከሰችውን ልጅ፣ የቀደደችውን ነጠላ አስገቡ። ሦስት ያህል ያስፈልጋል።

ደረጃ 6፦ የሞቷን ምዕራፍ በመካከል ጻፉት

መጨረሻ ላይ አታቆዩት። ለመጨረሻ ያቆየ ሰው ወይ ሳይጨርስ ይተዋል፣ ወይ ምዕራፉን በእንባ ያጥለቀልቀዋል። ሰባት ወይም ስምንት ትዕይንት እንዳለቀ ጻፉትና ለሁለት ሳምንት አትክፈቱት።

የመጀመሪያው ረቂቅ ድርጊት ብቻ ይሁን፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው መብላት ያቆመችው፣ ማን ውኃ አቀረበላት፣ ሐኪም ተጠራ ወይ፣ የት ተቀበረች፣ ጉድጓዱን ማን ቆፈረ። ለሰው የሚባለውን «አረፈች»፣ «ነፍስ ይማር» አታድርጉ፤ ብዙ አንባቢ ይከፋዋል፣ ልባችሁንም አይገልጽም። «ሞተች» ይበቃል።

ተመርዛ ከሆነ ጥንቃቄ ይጨምሩ። ያያችሁትን (መንቀጥቀጥ፣ አረፋ፣ ከበሩ ሥር የተገኘ ሥጋ) በአንድ አንቀጽ፣ የጠረጠራችሁትን በሌላ አድርጉ። ያለ ማስረጃ ጎረቤት በስም አትጥቀሱ፤ ስሙን ለውጣችሁ ቤቱን «ከወፍጮው ቀጥሎ ያለው ሰማያዊ በር» ብላችሁ ብትገልጹት ያው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ስም ማጥፋትን ያስጠይቃል፤ መጽሐፍም ከዚያ አያመልጥም።

ጠፍታ ከቀረች የሞት ትዕይንት አትፍጠሩ። ፍለጋውን ጻፉ፤ የት የት ተሄደ፣ ማን «አየኋት» አለ፣ በስንተኛው ቀን ሳህኗ ከደጅ ተነሣ።

ደረጃ 7፦ መተየብና ማረም

በዩኒኮድ ተይቡ፤ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ፊደል ይሆናል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፣ ስልክ ላይም አይነበብም። በስልክ በድምፅ መተየብም ይቻላል፤ ነገር ግን አራት ነጥብና ስሞችን በእጅ ማረም ይጠብቃችኋል።

የሆሄያቱን ነገር በመጀመሪያው ቀን ወስኑ። ዓሣ ወይስ አሳ፣ ሐይቅ ወይስ ሃይቅ፣ ፀጉር ወይስ ጸጉር፤ የመረጣችሁትን በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ካልሆነ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት ጽፋችሁ ታገኙታላችሁ፣ «ፈልግና ተካ» የሚለውም አይረዳችሁም።

ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ትንፋሽ ያሳጠራችሁን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ክፈሉ። ለሁለት ሰው አስነብቡ፤ አንዱ ውሻ የሚወድ፣ ሌላው የማይወድ። የሁለተኛው አስተያየት ይበልጣል። ያቆመበትን ገጽ ብቻ ጠይቁት፤ ምክንያቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ወደ ማተሚያ ቤት

- ፎቶ። ለኤ5 ሙሉ ገጽ ቢያንስ 1748 በ2480 ፒክሰል ያስፈልጋል። ከቴሌግራም የወረደ ፎቶ ብዙውን ጊዜ አይደርስም፤ ዋናውን ፋይል ፈልጉ። ጥቁር ውሻ በነጭና ጥቁር ኅትመት ጥላ ብቻ ሆና ትወጣለች፤ ብርሃን ያለበትን ምረጡ።
- ፈቃድ። ፎቶው ላይ ሰው ካለ አስፈቅዱ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ይጠይቃል። ሌላ ሰው ያነሣው ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መብቱ የአንሺው ነው። ሁለቱንም በጽሑፍ ያዙ።
- መለያ ቁጥር። በመደብር የምትሸጡ ከሆነ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ከኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ይወሰዳል። ለቤተሰብ 20 ቅጂ ብቻ ካስፈለገ ተዉት።
- ገጽ። መካከሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። 50 ገጽ ካላችሁ 52 አድርጉት፤ አለዚያ ማተሚያ ቤቱ ባዶውን የፈለገበት ቦታ ያስገባዋል።

ፋይሉን ፊደሉ አብሮት በተካተተ ፒዲኤፍ ስጡ። ብዛቱን ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ናሙና በወረቀት አስወጡ። በስክሪን የማይታዩ ሁለት ስሕተቶች አሉ፦ መስመር መጀመሪያ ላይ የወደቀ አራት ነጥብና ስፌቱ ውስጥ የተዋጠ የውስጥ ኅዳግ። ኅዳጉ በስፌቱ በኩል ከ18 ሚሊ ሜትር ካነሰ አስተካክሉና ሌላ ናሙና ጠይቁ፤ ሁለተኛው ናሙና እስኪደርሳችሁ ቀሪውን ክፍያ አትፈጽሙ።